ጥላሁን ገሠሠና ቀን ያልተቆረጠለት ስንብት

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ማሕሙድ አሕመድ በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት መድረኩን ባቀረበ ጊዜ፣ በአዳራሹ የተገኘው ሕዝብ የመጣበትን ምክንያት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ቀኑ ተቆርጦ፣ ጥሪው ተላልፎ፣ ዘፋኙም አድማጩም ለመሰነባበት ተዘጋጅተው ነው የተገናኙት። የእጅ ስልክ የያዘው ሁሉ ያንን ሌሊት ቀርጾታልና ከእንግዲህ ይጠፋል ተብሎ አይሰጋም። ለአንድ የመድረክ ሰው ይህን የመሰለ ጸጋ ብዙ ጊዜ አይሰጠውም።

በሙያው ከማሕሙድ ቀድሞ የተሰለፈው፣ በአንድ የሙዚቃ ቤት ያለፈውና ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል የአገራችን የዘመናዊ ዘፈን ዋና ድምፅ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ከሕዝብ ጋር የተለያየው በአንድ ምሽት ሳይሆን ጥቂት በጥቂት፣ ጤናው እየከዳው፣ ከአንዱ መድረክ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ እየረዘመ ነው። ከእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት መድረኮች ብዙውን የያዙት፣ የቤተ ሰብ ካሜራ ይዘው የተገኙ ታዳሚዎች የቀረጿቸው ቪዲዮ ካሴቶች ናቸው። የማኅበራችን መጽሔት ስለ ጥላሁን እንድጽፍ ሲያዘኝ ሕይወቱን ከእነዚህ ካሴቶች ነጥዬ መተረክ አልቻልኩም፤ የሰውየው ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ያለው እነርሱ ውስጥ ነውና።

ጥላሁን የተወለደው በ1933 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአዲስ አበባ ነው። አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ፣ እናቱ ወይዘሮ ጌጤነሽ ጉርሙ ይባላሉ። ያደገው በወሊሶ በአያቱ እጅ ሲሆን፣ የተማረውም በዚያው ከተማ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነበር። አያቱ ልጁ በቀለሙ እንዲገፋ እንጂ አዝማሪ እንዲባል አልፈለጉም። በዚያ ዘመን ዘፋኝነት ለሰው ልጅ ክብር የሚመኙ ሽማግሌዎች የሚመርጡት መንገድ አልነበረምና በአያቱ መፍረድ አይገባም። ልጁን ያበረታቱት ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሸዳድ ነበሩ። እነ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉበት የሀገር ፍቅር ቡድን ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ሙዚቃ ባሰማ ጊዜ፣ ጥላሁን ኢዮኤልን ቀርቦ አነጋገራቸው፤ እርሳቸውም ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ መከሩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የጥላሁንን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይተርከዋል። ልጁ ብቻውን በእግሩ ተነሣ። ቱሉ ቦሎ ላይ በዘመዱ ቤት አድሮ ሳለ አያቱ ተከታትለው ደረሱበትና ይዘውት ተመለሱ። ወሊሶ ያደረው አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ዕቃ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ይህን ታሪክ እንደ ልጅነት ጀብዱ ብቻ ማየት ያሳስታል። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመኑ ሁሉ ጥላሁን ከመድረክ ሊያርቀው የመጣውን ነገር ሁሉ፣ እስርም ይሁን ቁስል ወይም በሽታ፣ የመለሰው በዚያው ዓይነት ነው፤ አንድ ሌሊት አድሮ እንደ ገና ይነሣል።

ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወረራ በደጅ በነበረበት ጊዜ፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር። ከነፃነት በኋላ የቴአትርና የሙዚቃ ቤት ሆኖ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው ሆነ። ጥላሁንም ከዚህ ቤት ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ከነበሩት የተሟላ መሣሪያና ጽኑ ሥርዓት ያለው ሲሆን፣ እነ ብዙነሽ በቀለና ተፈራ ካሣም የወጡት ከዚሁ ቤት ነው። የወታደር ቤት ልምምድ ቀልድ አያውቅም። ሰዓት ይከበራል፤ ዜማውም ግጥሙም በቃል ይጠናል፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ከነሐስ መሣሪያዎቹ ጋር አመዛዝኖ ካልዘፈነ ድምፁ ይዋጣል። የጥላሁን ድምፅ ያለ ማጉያ እንኳ ከኦርኬስትራ በላይ ሊሰማ የቻለው በተፈጥሮ ስጦታው ብቻ ሳይሆን በዚህ ቤት ሥርዓትም ጭምር ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞችም የጦሩ አባል ነበሩና መዘዙ ደረሰባቸው፤ ጥላሁን ታሰረ። በዚያው ወቅት አልቻልኩም የተባለውን ዘፈኑን ሕዝቡ እንደ ፍቅር ዘፈን ብቻ አልሰማውም። በሰምና ወርቅ ያደገ አድማጭ ወርቁን ራሱ ፈልጎ አወጣ። የግጥሙ ሐሳብ የፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ያንን ቃል በዚያ ድምፅ የሰማ ሰው ስለ ሴት ብቻ አሰበ ማለት ያስቸግራል። የአገራችን ዘፋኝ ከዚህ ዕዳ አምልጦ አያውቅም፤ ያላለውንም ይጠየቅበታል።

ከእስር ከወጣ በኋላ ጥላሁን ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ወደ ተባለው ቤት ገባ። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ ከአርመን ቤተ ሰብ የተወለዱት መምህር ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ቅኝቶች ከምዕራቡ ኦርኬስትራ ጋር ለማስማማት የደከሙበት ቤት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል በሳክስፎንና በትራምፔት ሲጫወቱ ለዛቸው እንዳይጠፋ ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥላሁን በዚህ ረገድ ለአቀናባሪዎቹ መድኅን ነበር ቢባል አይበዛም። መሣሪያው ድምፁን እኩል እኩል ሲከፋፍል፣ እርሱ በጉሮሮው በድምፆቹ መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላ ዜማውን ወደ አገሩ ይመልሰዋል። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። በሁለቱም ቋንቋ የቃሉ አጣጣል ጥርት ያለ ነው፤ ሲዘፍን ግጥሙ አልተሰማኝም የሚል አድማጭ አልነበረውም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሸክላ ሥራ ከመንግሥት ቤቶች እጅ ወጥቶ በነጋዴዎች መታተም ሲጀምር፣ ድምፁ ከቴአትር አዳራሹ አልፎ በየሻይ ቤቱ ገባ። ያ ዘመን ዛሬ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነው፤ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም 17ኛው ለእርሱ ብቻ የተሰጠ ነው። በእኔ ግምት ግን የጥላሁን ትልቁ ዘመን ከሸክላው በኋላ ያለው የካሴት ዘመን ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በቤቱ ሆነ። ሸክላ ለማጫወት መብራትና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። በዚህ መንገድ ጥላሁን መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ደረሰ። በረሃብ ለረገፈው ወገን ያዜመው ዋይ ዋይ ሲሉ የተባለው ዘፈን፣ የተዘፈነላቸው ሰዎች መንደር ድረስ የሄደው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ለእኛ በጣና ዳር ለምንኖረው ይህ የተለየ ትርጉም አለው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ ባሕር ዳር ከሰከላ ተራራ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ስም የወሰደውን ግሽ ዓባይን አገኘች። ከዚህ ቡድን እነ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ወጥተዋል። እነዚህ ልጆች የያዙት የጎጃምን የገጠር ዜማ፣ እስክስታውንና ሽለላውን እንጂ የአዲስ አበባን ኦርኬስትራ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ትውልድ ማንም ወጣት ድምፁን ሊፈትሽ ሲፈልግ የሚሞክረው የጥላሁንን ዘፈን ነበር፤ አንዱን ከፍታ ወጥቶ መውረድ ካልቻለ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ጎጃሜው የራሱን አገር ዜማ ሲዘፍን እንኳ ትንፋሽ አያያዙን ከጥላሁን ተውሷል ብዬ ብናገር የሚቃወመኝ ባለሙያ ይኖራል፤ ክርክሩን በደስታ እቀበላለሁ።

በ1985 ዓ.ም. ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ክፉኛ ቆሰለ። ዜናው በተሰማ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ የጠየቀው ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ይተርፋል ወይ፣ ከተረፈስ ይዘፍናል ወይ። ስለ አደጋው ብዙ ወሬ ተወርቷል፤ ወሬውን ማባዛት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ለሙያችን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተረፈ፤ ዘፈነም። ከዚያ ቀደም ያለ አንዳች ጥንቃቄ ይወረውረው የነበረውን ከፍተኛ ድምፅ እየመጠነ፣ ኃይል በነበረበት ቦታ ትዕግሥትን እየተካ ዘፈነ። ወጣቱን ጥላሁን ብቻ የሚወዱ ሰዎች ይህን እንደ መድከም ይቆጥሩታል። እኔ ግን የትዝታ ዘፈን በዕድሜና በቁስል ካላለፈ ጉሮሮ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ከዚያ የስኳር በሽታው ጸናበት። በመጨረሻም አንድ እግሩ ተቆርጦ በተሽከርካሪ ወንበር በሕዝብ ፊት መታየት ጀመረ። ይህ ሰው በመድረክ ላይ በሙሉ ሰውነቱ የሚዘፍን፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አንዳንዴም በዕንባ ታጥቦ የሚያዜም እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሁሉ ማየቱ ከባድ ነበር። ክርክሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በየቤቱ ካሉት የቪዲዮ ካሴቶች የመጨረሻዎቹ የሚያሳዩት ይህንኑ የተጎዳውን ጥላሁንን ነው። ለክብሩ ሲባል እነዚህ መቀመጥ የለባቸውም፣ ወደ አዲሱ ዘዴ ሲገለበጡም የወጣትነቱ ብቻ ይመረጥ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ስለዚህም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ሳለ ወደ ሕዝብ ለመውጣት የወሰነው ራሱ ጥላሁን ነው። አያቱ ከቱሉ ቦሎ መልሰውት በማግስቱ የተነሣው ልጅ ነው እንደ ገና የተነሣው። እርሱ ያላፈረበትን እኛ ልንሸፍንለት መነሣታችን ከአክብሮት ይልቅ ለራሳችን ስሜት ማሰብ ይመስለኛል።

እነዚህ ካሴቶች ምንድን ናቸው? አብዛኞቹ የተቀረጹት በውጭ አገር፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ፣ ስደተኛው ወገን በሚሰበሰብበት አዳራሽ ነው። ካሜራው በትከሻ ላይ ነው፤ ከፊት የቆመ ሰው ራስ ምስሉን ይጋርዳል፤ ሙሽራ እንደሚሸለም ብር በዘፋኙ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ይታያል፤ ዘፈኑ መካከል ላይ የቀራጩ ዘመዶች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ይሰማል። የስቱዲዮ ሥራ የለመደ ባለሙያ በዚህ ይበሳጫል። እኔ ደግሞ ዋናው ሀብት ይህ ነው እላለሁ። ስቱዲዮው የጥላሁንን ድምፅ አስቀርቶልናል። ድምፁ በሰው ላይ ያደርግ የነበረውን፣ ማለትም የእልልታውን ጊዜ፣ ዝምታው የሚወድቅበትን ስንኝ፣ አድማጩ ቀድሞት የሚዘፍነውን አዝማች፣ የያዘልን ይህ የቤት ካሜራ ብቻ ነው።

ለባልደረቦቼ ስለ ድምፁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የእነዚያ ካሜራዎች ማይክሮፎን የድምፁን መጠን በራሱ ይቆጣጠራል። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ወዲያው ያፍነዋል፤ ጸጥታ ሲሆን ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥላሁን ድምፁን ባነሣ ቁጥር ካሴቱ ዝቅ ያደርገዋል፤ እርሱ ዝም ሲል የአዳራሹ ጫጫታ ይገንናል። በመጨረሻ ዘመኑ ድምፁ ጨርሶ ደክሟል ብለው በካሴት ማስረጃ የሚከራከሩ ሰዎች፣ ከፊሉን የሚከሱት ዘፋኙን ሳይሆን መሣሪያውን መሆኑን ልብ ይበሉ። በዚህ ላይ ብዙ ቀራጮች ካሴት ለመቆጠብ በዝግታ መጠን ይቀርጹ ነበርና፣ በሁለት ሰዓት ካሴት ስድስት ሰዓት ሲሞላ ተራው የድምፅ መስመር ይበልጥ ይደበዝዛል።

ሌላው ችግር የሥርዓት ልዩነት ነው። አሜሪካ በካሴቱ ዘመን ትጠቀምበት የነበረው የምስል ሥርዓት ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባለው፣ ባለ 525 መስመር ነበር፤ የእኛ አገር ደግሞ ፓል የሚባለው ባለ 625 መስመር ነበር። ከዋሽንግተን ለዘመድ የተላከ ካሴት በተራ የቪዲዮ ዴክ ሲገባ ምስሉ ይገለባበጣል ወይም ቀለሙ ይጠፋል። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ያለው ሰው ቤት ጎረቤት ሁሉ የሚሰበሰበው ለዚህ ነበር። ከዚያም ካሴቱ ይገለበጣል፤ ግልባጩ እንደ ገና ይገለበጣል። በእያንዳንዱ ግልበጣ ምስሉ ይሳሳል። ዛሬ በእጃችን የሚገባው ብዙ ጊዜ የግልባጭ ግልባጭ ነው፤ ዋናው ምናልባት በሌላ ክፍለ ዓለም፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ የልጅ ልደትና የሠርግ ካሴት በተደረደረበት ሣጥን ይገኛል።

ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ዕለቱ ፋሲካ ነበር። ሕዝበ ክርስቲያኑ ጾሙን ፈትቶ፣ ዶሮውን ቀርቦ፣ ዘመድ ለዘመድ እንኳን አደረሰህ በሚባባልበት ቀን የእርሱ ሞት ተሰማ። በዓሉ በየቤቱ ወደ ለቅሶ ተለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከቀናት በኋላ በብሔራዊ ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በዘፋኝነቱ አያቱ ያፈሩበት ልጅ፣ አርበኞችና ሹማምንት በሚያርፉበት ቅጥር ግቢ ዐረፈ። በሙያችን ክብር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ርቀት የተጓዘ ሰው አላውቅም፤ አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ ከሚነገርበት ቤት ወጥቶ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብሎ፣ በመንግሥት ሥርዓት እስከ መቀበር።

ሸኚው ሕዝብ በዚያ ሳምንት የተሰናበተው አስከሬኑን ነው። ድምፁን የተሰናበተበት ቀን የቱ እንደ ነበር ግን የሚያውቅ የለም። ከካሴቶቹ አንዱ ላይ ያ ምሽት አለ። ጥላሁን ዘፈኑን ጨርሶ፣ ሰው አጨብጭቦ፣ ካሜራው ጠፍቷል፤ ቀራጩም ዘፋኙም የመጨረሻው መሆኑን አላወቁም። ብዙዎቹ ካሴቶች ላይ ቀኑም ከተማውም አልተጻፈም፤ በጀርባቸው ያለው ጥላሁን የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ካሴት የሚገለብጥ ባልደረባ ምስሉን ከማዳኑ በፊት ባለቤቱን ጠይቆ የት፣ መቼና በማን እንደ ተቀረጸ ይጻፍ። ያ መረጃ ያለው በሰው ልብ ነው፤ የሰው ልብ ደግሞ ከካሴቱ አስቀድሞ ሊጠፋ ይችላል።

በጣና ዳር ያለን ሌላ ጠላትም አለብን። በክረምት ወራት እርጥበቱ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይገባና የካሴቱ ጠርዝ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጸዳ ወደ ዴክ ከገባ ሄዱን ያበላሻል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ጤነኛ ካሴት ይበክላል። በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን በብርሃን መመልከት፣ ነጭ ነገር ከታየ አለማጫወት፣ ካሴቱን በደረቅ ቦታ በቁመቱ ማቆም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዴኩ ግን እየከበደ ነው። በዓለም ላይ የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ማምረቱን ያቆመው በ2008 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ዴክ የሚጠገነው ከሌላ ከተበላሸ ዴክ በተነቀለ ዕቃ ነው።